የእትዬ አስካለ እንቁላሎች

እትዬ አስካለ በተቀበሩ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ ውሸት አለበት። የተወለዱበት ቦታ ትክክል ነው። ወደ ሆላንድ የመጡበት መንገድ፣ ሮተርዳም የኖሩባቸው ዓመታት፣ ልጅ አለመውለዳቸው፣ ይሄ ሁሉ ትክክል ነው። ውሸቱ «ዝምተኛ፣ ትሁትና ለአለቆቻቸው ታዛዥ ነበሩ» የሚለው ነው። በእርግጠኝነት የምናገረው የሕይወት ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። እነዚያን ሦስት ቃላት ግን አልጻፍኳቸውም።

የደወሉልኝ የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ደምሰው ነበሩ። «ትጽፋለች ሲሉ እሰማለሁ፣ ከሟችም ጋር አብረሽ ሠርተሻል፣ እስቲ አንድ ገጽ አዘጋጂልን» አሉኝ። ከአምስተርዳም ወደ ሮተርዳም በሚወስደው ባቡር ውስጥ ጉልበቴ ላይ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ሁለተኛው ገጽ ከላይ እስከ ታች ስለ እንቁላል ነበር። አቶ ደምሰው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አነበቡትና፣ እስክሪብቶ አውጥተው ሁለተኛውን ገጽ ከጥግ እስከ ጥግ ሰረዙት።

«ልጄ፣ ሁዳዴ ከገባ ሳምንት ሆኖታል። አስከሬን ፊት ስለ እንቁላል ይነበባል?»

«ግን እኮ እሳቸውን እሳቸው የሚያደርጋቸው...»

«የእኛን ሥርዓት አታውቂውም፣ አይፈረድብሽም።»

ጴንጤ ነሽ ማለታቸው ነው። ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ሮተርዳም ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ጉባኤ ያመልካሉ። ስለዚህ ዝም አልኩ። በተሰረዘው ቦታ አቶ ደምሰው ሦስቱን ቃላት በገዛ እጃቸው ጨመሩ፣ ድምፃቸውን አሳምረው አነበቡ፣ ሕዝቡም እውነት ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ከኋላ ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ። ለአለቆቻቸው ታዛዥ! እትዬ አስካለ!

የተሰረዘው ገጽ ይኸውላችሁ። ያኔ አንድ ገጽ ነበር፣ አሁን ንዴቴ አርዝሞታል።

ያወቅኋቸው ከሮተርዳም አጠገብ ባለችው ስኪዳም፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። ሁለታችንም ኮሪደር እንጠርግ፣ መጸዳጃ ቤት እናጥብ ነበር። ግን የመኖሪያው ሠራተኞች አልነበርንም፤ የላከን የጽዳት ኩባንያ ነው። ይህቺን ልዩነት ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች። እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን አቋርጬ፣ ግጥም ከስልክ ላይ ለራሴ እያስተማርኩ፣ አንድ ሥራ ላይ ስድስት ወር መቀመጥ የማልችል ሰው ነበርኩ። እሳቸው ሃምሳ አምስትን አልፈዋል። አጭር ናቸው፣ ክንዳቸው ወፍራም ነው፣ ሲሄዱ ወለሉን የሚለኩ ይመስላሉ። አንድ ነገር ካናደዳቸው የጎማ ጓንታቸውን በአንድ ጊዜ ሞሽልቀው ያወልቁታል፤ ጷ! ይላል። ያ ድምፅ ከተሰማ አንድ ሰው ሊነገረው ነው።

መጀመሪያ የተነገረኝ እኔ ነኝ።

«ይሄ ባልዲ ያንቺ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጷ!

«ያንቺ? አብረን ገመድ ዘለናል እንዴ?»

እዚህ ላደግን ልጆች «እርስዎ» ማለት ከባድ ነው። ባልዲ እየተሸከምኩ ተማርኩት።

በእረፍት ሰዓት፣ ከኋላ በር፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ ተቀምጠን ግጥሜን አነበብኩላቸው። ስለ ባሕር፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ ክንፍ ነበር። እስኪያልቅ ሰሙኝና፣ «ቤት ይመታል። ሰው ግን የሚኖርበት አይመስልም» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት ምን አየሽ?»

«ምንም።»

«የሜኔር ያን መስኮት ላይ ስንት ዝንብ ሞቷል?»

አላውቅም ነበር። «አራት» አሉኝ። «አንዱ በጀርባው ነው። እሱን መጀመሪያ እይ፣ ከዚያ ክንፍ ትላለሽ።»

ሜኔር በሆላንድኛ «አቶ» ማለት ነው፤ ሜኔር ያን ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሮተርዳም ወደብ ክሬን ሲነዱ ኖረዋል። ያን ሁሉ ብረት ከመርከብ ላይ እንደ ላባ ያነሳ እጃቸው አሁን ማንኪያ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ኤቫ የምትባል የልጅ ልጅ አለቻቸው፤ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ትመጣለች፣ ለእንቁላሉ ቀን።

የእንቁላሉ ቀን የሚባለው ከፈረንጅ ፋሲካ በፊት ያለው ቅዳሜ ነው። ልጅም የልጅ ልጅም ይመጣል፣ ሳሎኑ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር አብረው የተቀቀለ እንቁላል ቀለም ይቀባሉ። እኔ በገባሁበት ዓመት ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተነጥፎ፣ በየኩባያው ቀለም ተሞልቶ ነበር። ልጆችና የሚንቀጠቀጡ እጆች አንድ ላይ ምን እንደሚያደርጉ መገመት ትችላላችሁ። ሰማያዊው ምንጣፉ ላይ፣ አረንጓዴው መጋረጃው ላይ፣ ቀዩ የአንዲት አሮጊት ነጭ ፀጉር ላይ ሄደ። ከሰዓቱን ሙሉ እኔና እትዬ አስካለ ተንበርክከን ፈተግን።

ዝግጅቶቹን የምትመራው ሊስቤት የምትባል ሴት ነበረች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ እሱ ነው የበለጠ የሚያናድደኝ። በላያችን ቆማ፣ «ምስኪኖች! በሚቀጥለው ዓመት እውነተኛ እንቁላል የለም። የፕላስቲክ እንቁላል አምጥተን ስቲከር እንለጥፋለን። ንጹሕና ቀላል» አለች።

ሜኔር ያን ከጥግ ሰሟት። «ስቲከር ኤቫ ቤቷ ሞልቷታል» አሉ። «የምትመጣው ለእንቁላሉ ነው። የኔን ፊት ለማየት የምትመጣ ይመስልሻል?»

ሊስቤት ኩባያዎቹን መሰብሰብ ቀጠለች። ጷ! የሚል ድምፅ ግን ሰማሁ።

እትዬ አስካለ ጓንታቸውን እንደያዙ ሊስቤት ፊት ቆሙ። ሆላንድኛቸው የተሰበረ ነበር፤ የተሰበረ ጠርሙስ እንደሚባለው፣ ይቆርጥ ነበር። «ቆሻሻን የሚያውቀው የሚያጸዳው ነው» አሏት። «በሚቀጥለው ዓመት ለኔ ስጪኝ። አንዲት ጠብታ ምንጣፍ ላይ ብትገኝ በምላሴ አነሳታለሁ።»

ሊስቤት ሳቀች፣ እሺም አለች።

አሁን ዘዴውን ልንገራችሁ። ሕዝብ ይወቀው፣ የማን እንደሆነም ይወቅ። አመጣጡ ከጽዳት ነው። «የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ነጭ ጨርቅ ላይ የጣለውን ምልክት በበረኪና ታግዬ አላስለቀቅኩትም። እንቁላል ላይ ምን ያቅተዋል?» አሉኝ። ሁዳዴ ሲገባ ጀምሮ የሽሮውንም የምስሩንም ወጥ ሽንኩርት ልጣጭ አይጥሉም፤ በፌስታል ያጠራቅሙታል። በጾም ቤት ሽንኩርት ምን ያህል እንደሚላጥ የሚያውቅ ያውቃል። ልጣጩን ቤታቸው አፍልተው፣ አጥልለው፣ ጥቂት ኮምጣጤ ጨምረው በጠርሙስ ይዘው ይመጣሉ።

ጧፍ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ ነዶ የቀረ ቁራጭ። እንቁላሉ ተቀቅሎ ትኩስ እንዳለ በፎጣ ይያዝና በጧፉ ጫፍ ይሣልበታል። ሰሙ ትኩሱ ቅርፊት ላይ እየቀለጠ ይሄዳል፤ እሳት የለም፣ ብሩሽ የለም። ከዚያ እንቁላሉ አፏ ጥርቅም ብላ በምትዘጋ የፍሪዘር ላስቲክ ውስጥ ይገባል፣ ለብ ያለው የልጣጭ ውኃ ሁለት ጣት ያህል ይጨመርበታል፣ ይዘጋል። ልጁ በእጁ እያገላበጠ ሻዩ እስኪጠጣ ይጠብቃል። ሲወጣ በሞቀ ጨርቅ ሲወለወል ሰሙ ይለቅና፣ የነካበት ቦታ ሁሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሌላው የተጠበሰ በርበሬ መልክ ይይዛል። በቃ። የሚደፋ ኩባያ የለም፣ የሚረጭ ቀለም የለም።

ቀላል ነው። ቀላል በመሆኑም ነው ለመውሰድ ያመቸው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እንቁላሉ በደንብ መብሰሉን ለማወቅ መጀመሪያ አንዱ ይሰበራል። እትዬ አስካለ ግን ጾም ላይ ናቸው፤ በሁዳዴ እንቁላል አይቀምሱም። እንቁላል ሰብሮ መጣል ደግሞ ለእሳቸው ከኃጢአት ብዙ የማይርቅ ነውር ነበር። «የተሰበረ ይበላል» ይሉ ነበር። ስለዚህ ከቀኑ በፊት በሥራ ቀናት ዘዴውን ስንሞክር ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆመው፣ «አንቺ የጴንጤ ልጅ! ነይ ሆድሽን አምጪ!» ብለው ይጠሩኛል። እሰብራለሁ፣ አሳያቸዋለሁ፣ እበላለሁ። እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ እኔ ስበላ ቆመው ያዩኛል። «ጨው አነሰው?» ይሉኛል ደግሞ፣ እንደ ድግስ ባለቤት።

ይሄን ሰምተው የቤተ ክርስቲያን ሴቶች አሟቸው። «በጾም እንቁላል ስታገላብጥ ትውላለች» ተባለ። እትዬ አስካለ ከቅዳሴ በኋላ ደጁ ላይ ቆመው፣ «እጅ አይጾምም፣ እጅ ይሠራል» አሉ። «የሚጾመው አፍ ነው። እናንተም ያልጾማችሁት እሱን ነው።» ዝምተኛ ነበሩ ይበሉኝ እንግዲህ!

በሁለተኛው ዓመት የእንቁላሉ ቀን የእሳቸው ሆነ። ዩኒፎርማቸው ላይ ንጹሕ ሽርጥ አሥረው ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀመጡ። ሜኔር ያን ጧፉን ሲይዙ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ሊተዉት ሲሉ እትዬ አስካለ ክርናቸውን ደገፉና፣ «አይተዉት፣ ይንቀጥቀጥ» አሏቸው። እንቁላሉ ከላስቲኩ ሲወጣ በዙሪያው የሚጠማዘዝ መስመር ታየ፤ የብራና መጽሐፍ ዳር ላይ እንደሚሣለው ሐረግ ያለ። የማይንቀጠቀጥ እጅ እንዲህ አይሠራም። ኤቫ «አያቴ፣ እንዴት አድርገህ ነው? አሳየኝ!» አለች። ሽማግሌው ለአንድ ሰዓት ያህል ክሬን ነጂ ሆነው ተቀመጡ።

ሲያልቅ እትዬ አስካለ ጫማቸውን አወለቁ። በነጭ ካልሲ ጠረጴዛውን ዞሩት፣ ወንበሮቹ ሥር ሁሉ ረገጡ። ከዚያ ሊስቤት ፊት እግራቸውን አንስተው የካልሲውን ሥር አሳዩዋት። በረዶ ይመስል ነበር።

በዚያ ቀን እያንዳንዱን እንቁላል፣ ገና ትኩስ ሳለ ለልጆቹ ከመስጠታቸው በፊት፣ ሥሩ ላይ በጧፍ ነካ አድርገውት ነበር። አራት ፊደል ነው፦ አስካለ። «ሠዓሊ ይፈርም የለ?» አሉኝ፣ አፍረው። አፍረው ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የጠየቁት አንድ ነገር ነበር። ደመወዝ አይደለም፣ ሹመት አይደለም። የሚቀጥለው ዓመት ማስታወቂያ በሩ ላይ ሲለጠፍ «እንቁላል ከአስካለ ጋር» እንዲል ነበር የፈለጉት። ሊስቤት ራሷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጋ፣ «አስካለ፣ በጣም ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አንቺ የኛ ሠራተኛ አይደለሽም። የኩባንያው ነሽ። የኢንሹራንስ ጉዳይ አለው» አለች። ምንጣፉን በጉልበት ለመፈተግ «የኛ» ሰው ነበሩ። ስማቸውን በር ላይ ለመለጠፍ የኩባንያው ሆኑ።

«ግዴለም» አሉኝ እትዬ አስካለ። «በሚቀጥለው እንደገና እጠይቃለሁ። ውኃ ድንጋይን የሚበሳው በጉልበት ነው?»

የሚቀጥለው ዓመት የጥፋቴ ዓመት ነው። ያን ቅዳሜ ጠዋት ዴን ሃኽ፣ ዘ ሄግ በሚሏት ከተማ ውስጥ፣ ለግጥም መድረክ አንባቢዎች ይመረጡ ነበር፤ ስሜን አስመዝግቤያለሁ። ለእትዬ አስካለ በሦስት ሰዓት እደርሳለሁ አልኳቸው። አልደረስኩም፤ ተራዬ ዘገየ፣ መውጣት አልፈለግኩም። «ይቅርታ እትዬ፣ ይጀምሩ» የሚል መልእክት ላክሁ። ስለ ሞቱት ዝንቦች የጻፍኩትን ነበር ያነበብኩት። እጃቸው ያለበትን ግጥም ለማንበብ ብዬ እሳቸውን ብቻቸውን ተውኳቸው።

በዚያ ጠዋት ወጥ ቤቱ ውስጥ አዲስ ሰው ነበር። እንቁላሉን እዚህ አገር ለቁርስ እንደሚወደደው፣ አስኳሉ ሳይረጋ አወጣው። እንቁላሎቹ ትኩስ ሆነው መጡ፣ ከውጭ ምንም አይለዩም። እትዬ አስካለ አንዱን አንስተው ኮሪደሩን አዩ። የጴንጤዋ ልጅ የለችም። መልሰው አስቀመጡት። ሳይሰብሩ ጀመሩ።

ትንሽ ቆይቶ ኤቫ ላስቲኳን ጨመቅ ስታደርግ እንቁላሉ ተሰነጠቀ። ላስቲኩን ከፍታ ልታወጣው ስትል አስኳሉ በጣቶቿ መካከል ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ። ሌላ ልጅም የራሱን ሊያይ ሰበረ፤ ሦስተኛም። ሊስቤት አፏን በእጇ ያዘች። እትዬ አስካለ ተንበርክከው ሁሉንም ለማንሳት የወሰደባቸው ጊዜ ሊስቤት ለወላጆቹ ይቅርታ ከጠየቀችበት ጊዜ ያንሳል። ዛሬ ሄዳችሁ ብትፈልጉ ቦታውን አታገኙትም። በሳምንቱ ግን ደብዳቤ መጣ፤ ከእንግዲህ ዝግጅቶችን የሚመራው የመኖሪያው ሠራተኛ ብቻ ነው።

«ለምን አልሰበሩትም? አንድ እንቁላል እኮ ነው!» አልኳቸው። እየጮህኩ ነበር፤ ጥፋተኛ ሰው ይጮሃል።

«ብሰብረው ማን ይበላዋል?» አሉኝ።

«የት ነበርሽ» አላሉም። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ አለማለታቸው ነው።

እኔ እንደ ልማዴ ሥራውን ለቅቄ፣ ጥቂት ጊዜ ዴን ሃኽ ሰንብቼ፣ አምስተርዳም፣ ኦስዶርፕ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። በቀጣዩ ዓመት፣ በእንቁላሉ ቀን ዋዜማ፣ እትዬ አስካለ ደወሉ። «ነገ ነይ፣ ቲያትር አለ» ብለው ዘጉት።

ስደርስ በሩ ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «እንቁላል ከሊስቤት ጋር! ንጹሕ እጅ፣ ቀላል ዘዴ፣ ለመላው ቤተሰብ!» ጠረጴዛው ላይ ላስቲኮቹ ተደርድረዋል። የሽንኩርት ልጣጩ ውኃ በብርጭቆ ማንቆርቆሪያ ቀርቧል። በጧፍ ፈንታ የሰም እርሳስ ነው። ሊስቤት ጠረጴዛው ራስ ላይ ቆማ፣ «ሁልጊዜ ምንጣፉ ያሳስበኝ ነበር፣ ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈለግኩ...» ብላ ጀመረች።

ቩውውውው!

እትዬ አስካለ ከበሩ አጠገብ አቧራ መጥመጫ ማሽኑን ከፍተዋል። ሊስቤት ቆመች። ማሽኑ ጠፋ። ሊስቤት ፈገግ ብላ፣ «እና አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ሳለሁ...» አለች።

ቩውውውው!

«አስካለ፣ በኋላ ማድረግ አትችዪም?»

«ቆሻሻ አየሁ» አሉ እትዬ አስካለ በሆላንድኛ።

«የት?»

«ትናገሪያለሽ፣ ይወድቃል።»

ሜኔር ያን ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠባቸው። ወላጆቹ ግን አልገባቸውም፤ አንድ አባት «ምን ሆና ነው?» ብሎ ሚስቱን ሲጠይቅ ሰማሁት። ሊስቤት ቀላች፣ ማሽኑን ራሷ ከሶኬቱ ነቀለችው፣ ለልጆቹም ወረቀት ማደል ጀመረች። አንዱ እጄ ገባ።

የአሠራር መመሪያ ነበር፣ ባለ ቀለም፣ ከታች የሊስቤት ስም ያለበት። በተራ ቁጥር ሦስት ሥር ልጆች በእንቁላላቸው ላይ እንዲሥሉት አንድ ጌጥ ተሰጥቷል። ካለፉት ዓመታት እንቁላሎች ከአንዱ ላይ በጥንቃቄ የተገለበጠ ነው። «ባህላዊ የአፍሪካ ሐረግ» ይላል። አራት ቅርጽ ነው። የመጀመሪያው ሁለት እግር አለው።

አስካለ ይላል።

ዘዴያቸውን ወሰደች፣ ጠረጴዛቸውን ወሰደች፣ በር ላይ አይለጠፍም ያለችውን ስም ሳታነበው ለጌጥ አደረገችው! ወደ ሊስቤት ስራመድ እጅጌዬ ወደ ኋላ ተጎተተ።

«ወዴት ነው?»

«ልነግራት ነዋ! አላዩትም? የእርስዎ ስም እኮ ነው!»

«አይቼዋለሁ። ከትናንት ጀምሮ አይቼዋለሁ። ቲያትር አለ ያልኩሽ ለምን መሰለሽ?»

«እና ዝም ልንል ነው?»

ጠረጴዛውን በአገጫቸው አሳዩኝ። ሃያ ምናምን ልጅ አንገቱን ደፍቶ ስማቸውን እየጻፈ ነበር። ሽማግሌዎቹም፤ ሜኔር ያንም፣ እየተንቀጠቀጡ።

«ዝም በይ» አሉኝ። «ካወቁ ያጠፉታል።»

ዝም አልኩ። አልበረደልኝም፣ አሁንም አልበረደልኝም። ድል ነው የሚለኝ ሰው አለ፤ ድል ከሆነ ለምን ማሽኑን ከመሬት አንስተው፣ ገመዱን ጠቅልለው፣ ብቻቸውን ወደ ኮሪደሩ ሄዱ?

ያ የመጨረሻው የእንቁላል ቀናቸው ሆነ። በክረምቱ ደረታቸውን ያማቸው ጀመር፤ ሐኪሙ ፓራሲታሞል ውሰጂ፣ ዕረፍት አድርጊ እያለ መለሳቸው። ሁዳዴ በገባ በማግስቱ ጠዋት የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በራቸው ጋ ወድቀው ተገኙ። ከዚያ አቶ ደምሰው ደወሉልኝ። የቀረውን ታውቃላችሁ።

ዘንድሮ፣ አርባቸው ሳይወጣ፣ የእንቁላሉ ቀን ደረሰ። ከኦስዶርፕ ተነስቼ ስኪዳም ሄድኩ። ለምን እንደምሄድ በባቡሩም በትራሙም ላይ ለራሴ አልነገርኩትም። ሳሎኑ እንደነበረው ነው። ሊስቤት ጠረጴዛው ራስ ላይ ናት፤ ወረቀቶቹ ታድለዋል። ሜኔር ያን አሁን በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚቀመጡት። አጠገባቸው ኤቫ፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የፊት ጥርሶቿ ትልልቅ ሆነዋል።

ሜኔር ያን ሲያዩኝ፣ «ያቺ ጠንካራዋ ሴት የት ሄደች?» አሉኝ። «ኮሪደሩን ሌላ ሰው ነው የሚጠርገው። ስጠይቅ ኩባንያው ቀይሯታል ይሉኛል።»

አልነገሯቸውም! አምስት ወር ስድስት ወር አይደለም፤ በየጠዋቱ ለዓመታት መስኮታቸውን ስታጸዳ የኖረች ሴት ሞታ፣ የኩባንያው ስለነበረች፣ እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሻማ አላበራም፣ አንድ ሰው ተነስቶ አልተናገረም።

«ሞተዋል፣ ሜኔር ያን» አልኳቸው። «ቀብረናቸዋል።»

ሽማግሌው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። እጃቸው መንቀጥቀጡን አላቆመም፣ ኩባያው አብሮ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ኤቫ ሥዕሏን አቁማ አየችን። ከፊቷ ያለው እንቁላል ላይ ሦስቱን ቅርጾች ጨርሳ አራተኛው ላይ ነበረች።

«ዝም በይ» ብለውኝ ነበር። ትእዛዛቸውን አውቃለሁ። ግን ለዝምታ አንድ ጊዜ ቀብራቸው ላይ ከፍያለሁ፤ ሁለተኛ ለመክፈል አልቻልኩም።

«ኤቫ፣ የምትሥይው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«የአፍሪካ ሐረግ» አለች።

«አይደለም። ፊደል ነው። ስም ነው።» ጣቴን ከአንዱ ወደ ሌላው አሻገርኩ። «አ። ስ። ካ። ለ። ይህን ዘዴ ያመጣችው ሴት ስም ነው። አያትሽን ክርናቸውን ይዛ ያሣለቻቸው ሴት።»

«ጫማዋን ያወለቀችው?»

«እሷ።»

ልጆቹ ከእንቁላላቸው ላይ ቀና አሉ። ሊስቤት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ መጣች፣ ዓይኖቿ እርጥብ ነበሩ፤ አስመሰለች አልልም። «አምላኬ፣ አላወቅኩም ነበር! እንዴት ያምራል!» አለች። ቀጥላ ወረቀቱን አየችው፣ ግንባሯ ተኮማተረ። «ግን... የሰው ስም ከሆነ እንዲህ አትመን ማደል አንችልም። የግል መረጃ ነው። ፈቃድ የለንም። ሠራተኛችንም አልነበረችም።»

ወረቀቶቹንም ከልጆቹ እጅ አንድ በአንድ መሰብሰብ ጀመረች። በትህትና፣ ፈገግ እያለች፣ «ሌላ የሚያምር ጌጥ እሰጣችኋለሁ፣ ጥንቸል እንሥላለን» እያለች። እትዬ አስካለ ከመቃብር ሆነው «አላልኩሽም?» ሲሉኝ ሰማሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ለሁለተኛ ጊዜ፣ ያውም ለእሳቸው ተቆርቁሬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ሜኔር ያን የእሳቸውን ወረቀት አልሰጡም። አጥፈው ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቱት፣ ሊስቤትንም ክሬን ላይ እንዳለ ኮንቴይነር በዓይናቸው አንጠለጠሏት። ሊስቤት አልፋቸው ወደ ኤቫ እጇን ዘረጋች።

ኤቫ ያለ ክርክር ሰጠቻት። ወረቀቱን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። ከዚያ ሁለተኛ እንቁላል አንስታ በፎጣ ያዘች፣ ምላሷን በትልልቆቹ ጥርሶቿ መካከል አወጣች፣ ምንም ሳታይ ከ«አ» ጀመረች።